ዓይኑን የጠረጠረው ፎቶ አታሚ

ሰፈሩ ውስጥ መዝገብ ላይ ያለውን ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ «ዓይናማው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አንዲት ደንበኛ ናቸው። የደበዘዘ የድሮ ፎቶ አምጥተው እንዲያድስላቸው ሲጠይቁት ትክ ብሎ አየውና «ይህ ሻርፕ ቡናማ አልነበረም፤ ወይን ጠጅ ነበር» አላቸው። ሴትየዋ ተከራከሩት። ቤታቸው ገብተው ሻርፑን ከሻንጣ ሥር አውጥተው ሲያዩት ወይን ጠጅ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲያ ላገኙት ሰው ሁሉ «ሰውዬው ዓይናማ ነው» እያሉ አወሩ፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ።

ሥራው ፎቶ ማተም ነው። ማንሳት አይወድም። «ሰውን ፈገግ በል ማለት ያሳፍረኛል» ይላል። ሌሎች ያነሱትን ይቀበላል፣ በኮምፒውተር ያስተካክላል፣ ወረቀት ላይ ያወጣል። ሚስቱ እዚያው ክፍል ውስጥ በሌላው ጥግ ፍሬም ትሠራለች። እንጨት ትቆርጣለች፣ መስታወት ትገጥማለች፣ ደንበኛም የምታነጋግረው እሷ ናት፤ እሱ ስክሪኑ ላይ ካፈጠጠ ሰው መግባቱንም አያውቅም።

ይህ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቁልፍ ተጭኖ ወረቀት መቀበል ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን እንዴት ደስ የሚል ውስብስብ ነገር እንደሆነ ገባኝ፤ ታሪኩን ለመከታተል ስለሚያስፈልግ ትንሽ ላስረዳ።

ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያቀላቀለ ወደ ዓይናችን ይልካል። ሦስቱንም እኩል ቢልካቸው ነጭ ይሆናል። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ያረፈበትን ብርሃን ተቀብሎ፣ ላዩ ላይ ያለው ቀለም ከፊሉን ውጦ፣ የተረፈውን ይመልሳል። ስለዚህ ስክሪኑና ወረቀቱ የሚናገሩት ሁለት የተለያየ ቋንቋ ነው። ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ወረቀቶቹ ራሳቸው አለመስማማታቸው ነው። አንጸባራቂው ወረቀት ቀለሙን ላዩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የማያንጸባርቀው ግን እንደ ደረቅ መሬት ይመጠዋል። አንድ ዓይነት ትእዛዝ ለሁለቱ ብትሰጡ ሁለት ዓይነት ፊት ይወጣል።

በመሃል አስተርጓሚ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሙያው ሰዎች ፕሮፋይል ይሉታል። ዓይናማው አዲስ ወረቀት ባመጣ ቁጥር በትናንሽ ባለቀለም ሳጥኖች የተሞላ ገጽ ያትማል። ከዚያ መዳፍ ውስጥ የምትገባ መለኪያ መሣሪያ ይዞ ሳጥኖቹን በተራ በተራ ያስነብባታል። ኮምፒውተሩ «ያዘዝኩት ይህ ነበር፣ የወጣው ይህ ነው» እያለ ልዩነቱን ይመዘግባል። ለዚያ ወረቀት የሚሆነው አስተርጓሚ ከዚህ ልዩነት ይሠራል። ይህን ሲያደርግ አጠገቡ ቆሜ ባየሁ ቀን ከሳጥኖቹ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩም ይተርጉም፣ ፕሪንተሩም ይተርጉም ይላሉ። ትርጉሙ እንደገና ሲተረጎም የሰው ፊት ቲማቲም መስሎ ይወጣል። «አስተርጓሚ አንድ ይበቃል» ይላል ዓይናማው፤ «ሁለት ከሆኑ እርስ በርሳቸው ነው የሚያወሩት።»

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ግን መጨረሻ ላይ አንድ ከመሣሪያ ውጭ የሆነ ነገር ያደርግ ነበር። የሙከራ ወረቀቱን ይዞ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። አገላብጦ ያየዋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ከዚያ በጣም ትንሽ ቀለም ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህችን ጭማሪ «ቁንጥር» ይላታል፤ ጨው በሁለት ጣት እንደሚቆነጠረው ማለቱ ነው። ቁንጥሯ የመጣችው ከአባቱ ነው። አባቱ በዚሁ ክፍል ጨለማ ቤት ሠርተው፣ በቀይ አምፖል ሥር ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ አጥበዋል። የእሳቸው ሕግ አጭር ነበር፦ መስኮቱ ጋ ሳይታይ ፎቶ ለባለቤቱ አይሰጥም። ዓይናማው የአባቱን ጨለማ ቤት አፍርሶ በቦታው ኮምፒውተር ቢያስገባም መስኮቱንና ሕጉን አልነካም።

አባትየው አሁን አያዩም። ግላኮማ ነው የወሰደባቸው፤ የዓይን ውስጥ ግፊት ሳያሳምም፣ ሳያስታውቅ ይጨምርና እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይሄዳል። ከእሳቸው ቀድመው ያወቁት ደንበኞች ነበሩ። ፎቶው ጨለመ፣ ጠርዙ ተቆረጠ እያሉ ሲመልሱ፣ አባትየው ኬሚካሉን ይረግሙ፣ ወረቀቱን ይረግሙ ነበር። ሐኪም ዘንድ የሄዱት የቀረው ትንሽ ሲሆን ነው። ሐኪሙም በሽታው ከአባት ወደ ልጅ ሊሄድ ስለሚችል ልጁ እንዲጠነቀቅ ነግሯቸዋል። ልጁ ሰምቷል፤ ግን ወጣት ስለነበር የሰማውን አንድ ቦታ አስቀምጦ ረሳው።

ያስታወሰው የአንዲት ሙሽራ እናት የመጡ ቀን ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ፊቴ ገረጣ» ብሎት ነበር፤ ዓይናማው ቁብ አልሰጠውም። ሴትየዋ ግን የልጃቸውን ትልቅ የሠርግ ፎቶ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው፣ በላስቲክ አስረው መጡና ባንኮኒው ላይ ጣሉት።

«ዓይናማው የሚሉህ አንተን ነው?»

«እኔን ነው፣ እትዬ። ምን ሆነ?»

«ጤነኛ ልጅ ነው የሰጠሁህ። አንተ አረንጓዴ አድርገህ፣ የወፍ በሽታ አስይዘህ መለስክልኝ።»

«ይፈታና እንየው።»

«አልፈታውም። ሳምንት ሙሉ ሳሎን ሰቅዬ አይቼዋለሁ፣ ጠግቤዋለሁ። የሙሽራው እናት ምን ብትል ጥሩ ነው? ልጅቷ ስትዳር አሟት ነበር ወይ አለችኝ። እኔ እኮ እሷን ላስቀና ብዬ ነው በትልቁ ያሳተምኩት።»

ሚስትየው ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ የወደቀ ምስማር ፈለገች። ሴትየዋ እንደገና እንዲታተምላቸው አዘው ወጡ። ባልና ሚስት ፎቶውን ፈትተው መስኮቱ ጋ ያዙት። ሙሽራዪቱ ጉንጯ ፈክቶ፣ ጤናዋ ሞልቶ ቆማለች።

«እስቲ አንቺ እዪያት። አረንጓዴ ነገር ይታይሻል?»

«የምን አረንጓዴ? ደህና ናት። በሠርጌ ቀን ከነበረኝ መልክ የእሷ ይሻላል።»

«እውነቷን ነው የምትነግረኝ ወይስ እንዳይከፋኝ ነው?» ብሎ አሰበ። እንዳይከፋው ነው ብሎ ደመደመ።

ከዚያ ቅሬታው ተከታተለ። አንዲት መምህርት ደውላ ፎቶው ላይ ተማሪው በሙሉ መርከብ ላይ ያጥወለወለው ይመስላል አለችው። አንድ ሽማግሌ በሰው ልከው፣ ገና አልሞትኩምና ቀለሜን መልስልኝ አሉት። ዓይናማው የተመለሰውን ፎቶ ሁሉ እየወሰደ መስኮቱ ጋ ያየዋል፤ ምንም አይታየውም። ሁሉም ሰው አረንጓዴ ያያል፣ እሱ ብቻ አያይም። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ብዙ መድከም አላስፈለገውም፤ አባቱ ቤት ውስጥ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ለማንም አልተናገረም። ይልቅስ ራሱን በድብቅ መፈተን ጀመረ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የመንገዱን ማስታወቂያ ያነባል። ሌላውን ጨፍኖ ይደግማል። ሚስቱ የፍሬም ማንጠልጠያ ገመድ ስትቆርጥ «ያኛው ሰማያዊ ነው አይደል?» ይላታል። በመጨረሻ አንድ ቀን እጁን ግራ ዓይኑ ላይ አድርጎ እሷኑ ሲያያት ያዘችው።

«ግማሼ ይበቃሃል ማለት ነው?»

«ዓይኔን በልቶኝ ነው።»

«ሁለቱንም በየተራ ነው የሚበላህ? ተቀመጥ እስቲ።»

ተቀመጠ፤ ነገራት። ዓይኑ ከሄደ ሌላ የሚያውቀው ሥራ እንደሌለ፣ ይህን መስኮት ከአባቱ እንደወረሰ የዓይን በሽታውንም ሳይወርስ እንዳልቀረ፣ አባቱ ደግሞ ቢሰሙ በእኔ ምክንያት ነው ብለው ራሳቸውን እንደሚበሉ ነገራት። ሚስትየው የመስታወት መቁረጫውን አስቀመጠች።

«አባባ እኮ ደብቀው ደብቀው ነው እዚህ የደረሱት» አለችው። «አንተ አትደግመውም። ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«ነገ የሚወጣ ሥራ አለ።»

«የወፍ በሽታ ያለበት ሥራ ነው፤ ይቆይ።»

ጠዋት ሱቁን ሳይከፍቱ ሄዱ። ዓይናማው የሙሽራዪቱን ፎቶ እንደተጠቀለለ በብብቱ ይዟል። ሚስቱ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው «እኔ የማላየውን ሐኪሟ አይታ እንድትነግረኝ» አላት። የዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር ነጭ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ የጣሪያው መብራት ነጭ፣ ሰዉ አንገቱን ወደኋላ ጥሎ ጠብታ የተደረገለትን ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ዓይናማው ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ አባቱ ስንት ጊዜ እንደዚህ ተቀምጠው ይሆን እያለ ተራውን ጠበቀ።

ሐኪሟ ገና ከመመርመራቸው በፊት ምን እንደሚሰማው ጠየቁት። ማብራራቱ ቢከብደው ላስቲኩን ፈትቶ ፎቶውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋው።

ሐኪሟ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይህች ልጅ ምን ሆና ነው?»

«ምን ይታይዎታል?»

«አረንጓዴ ነገር ነዋ። እኔ የዓይን ሐኪም ነኝ፤ እሷ ግን ጉበቷን ብትታይ ጥሩ ነው።»

ዓይናማው ፎቶው ላይ ጎንበስ አለ። ጉንጯ ላይ አመድ የነካው አረንጓዴ አለ። አንገቷም፣ ክንዷም፣ ነጩ ቀሚሷም እንደዚሁ። እንዳየውም መሳቅ ጀመረና ማቆም አቃተው።

«የሚያስቅ ነገር ተናገርኩ?» አሉ ሐኪሟ።

«ዶክተር፣ ለእኔም ይታየኛል።»

«ታዲያ የመጡት ለምንድን ነው?»

«ሱቄ ውስጥ አይታየኝም ነበር።»

«ዓይንዎ ያው ዓይን ነው። ሱቅ ጥለውት አልመጡም።»

ዓይናማው በኋላ ሲያወራው፣ የዚያን ቀኑን ያህል ከባድ ሸክም ያወረደበት ጊዜ ትዝ አይለውም። የታመመ ዓይን በሄደበት ቦታ ሁሉ የታመመ ነው። እሱ ግን እዚህ ልክ እንደ ሐኪሟ አይቷል። ከዓይኑ ሌላ የታመመ ነገር አለ ማለት ነው።

ሐኪሟ ግን በሳቁ አልተለቀቁትም። ግፊቱን ለኩ፣ ብሌኑን በጠብታ አስፍተው እስከ ዓይኑ ጀርባ ተመለከቱ፣ በነጠብጣብ መሃል የተደበቁ ቁጥሮችን አስነበቡት። ቁጥሮቹን ሲያነብ ሚስቱ ከኋላው በሹክሹክታ ልትረዳው ስትሞክር «እመቤት፣ ፈተናው የእሱ ነው» ተባለች። ግፊቱ ደህና ነው፤ ዳር ዳሩም ደህና ነው። ከአባቱ የተነሳ በየዓመቱ ይመጣል። ለቅርብ ማንበቢያ መነጽር ያስፈልገዋል፤ እሱም የዕድሜ ነው።

ጠብታው እስኪለቀው ጠበቁና ወጡ። የቀረችውን ጥያቄ ለመፍታት ዓይናማው የመረጠው ዘዴ እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። ፎቶውን እንደ ሙቀት መለኪያ ይዞ ተጓዘ። ክሊኒኩ በር ላይ ዘረጉት፦ አረንጓዴ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ዘረጉት፣ ተሳፋሪው አንገቱን አሰግጎ እያየ፦ አረንጓዴ። የራሳቸው መንገድ መታጠፊያ ጋ፦ አረንጓዴ። ሱቃቸው በር ላይ ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። እዚያ ሲዘረጉት ሙሽራዪቱ ትንሽ ተሽሏት ነበር። ወደ ውስጥ ገብተው መስኮቱ ጋ ያዙት።

«ዳነች» አለች ሚስትየው።

ዓይናማው ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን ትቶ ብርሃኑ የሚመጣበትን አቅጣጫ አየ። ከጠባቧ መንገድ ማዶ የጎረቤታቸው የቤት ዕቃ ሻጭ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ አርፎበታል። ግድግዳው ጡብ መሳይ ቀይ ነው።

«ሸሚዝህን እየው» አለችው ሚስቱ። ጠዋት ነጭ የነበረው ሸሚዝ እዚህ ሮዝ የነካው ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐዩ ግድግዳውን ይመታል፤ ግድግዳው ቀዩን ብርሃን ወደ መስኮቱ ይመልሳል። ወረቀት የራሱ ብርሃን ስለሌለው፣ የደረሰውን ቀይ ብርሃን ተቀብሎ ያሳያል። ስክሪኑ የራሱ ብርሃን ስላለው አይለወጥም። ዓይናማው ሁለቱን ሲያስተያይ ወረቀቱ ቀላ ብሎ ይታየዋል፤ ቁንጥሯን ይዞ ቀዩን ይቀንሳል። ቀይ የተቀነሰለት ፊት ደግሞ ሌላ ቤት ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል። ፕሮፋይሉ ትክክል ነበር፤ ፕሪንተሩም ትክክል ነበር፤ ያበላሸችው ቁንጥሯ ናት። እንዴት ሳይታወቀው ቀረ ለሚል ሰው መልሱ የዓይናችን ደግነት ነው። ዓይን ክፍል ውስጥ ጥቂት ከቆየ የክፍሉን ብርሃን ነጭ ነው ብሎ ይቀበላል። ለኑሮ ጥሩ ጸባይ ነው፤ ፎቶ ለሚያትም ሰው ግን ወጥመድ ነው።

ባልና ሚስት መስኮቱ ጋ ቆመው ሲያፈጡ ያየው የቤት ዕቃ ሻጭ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ምነው፣ ግድግዳዬ ስንጥቅ አወጣ እንዴ?»

«ግድግዳህ ሙሽራ አሳመመብኝ» አለው ዓይናማው።

«የማን ሙሽራ?»

ፎቶውን አውጥተው መታጠፊያው ጋ አሳዩት፤ ከዚያ መልሰው መስኮቱ ጋ አሳዩት። ሰውዬው ሁለቴ ተመላለሰ። ሲገባው ወገቡን ይዞ ሳቀ።

«ቀለሙን እኮ አንተ ነህ የመረጥክልኝ።»

«እኔ?»

«ረሳኸው? ባለፈው ወር ክሬምና ቀይ ይዤ መጥቼ፣ ዓይናማ ነህ ብዬ አማክሬህ። ቀዩ ከሩቅ ይጠራል አልከኝ። እውነትህን ነው፣ ጠራ።»

ሚስትየው የፍሬም እንጨት ክምር ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዓይናማው ግድግዳውን አየ፣ ጎረቤቱን አየ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ። «ደግሞ ያምራል እኮ» አለ።

ጎረቤትየው መልሼ ነጭ ላስቀባው ቢልም ዓይናማው አልፈለገም። ዛሬ ግድግዳው ቀይ እንደሆነ ነው። ዓይናማው አንዱን ጥግ ግራጫ ቀብቶ፣ በወፍራም መጋረጃ ከልሎ፣ የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ አምፖል ሰቅሏል፤ ፎቶ የሚፈረድበት እዚያ ነው። ግራጫ የመረጠው ለየትኛውም ቀለም ስለማያደላ ነው። የሙሽራዪቱን ፎቶ ያለ ቁንጥር አትሞ እናቲቱ ቤት ድረስ ወሰደ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ይዘው፣ ራቅ ብለው፣ ቀረብ ብለው አዩትና «አሁን የእኔን ልጅ ትመስላለች» አሉት፤ «አማቷን ነገ እጠራታለሁ።» ያ ሁሉ ግን ከዚያ በኋላ የሆነ ነው።

ከክሊኒኩ በተመለሱበት ቀን ሱቁን እንደዘጋ ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። አባቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ኮቴውን ሲሰሙ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሱት። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ከሙሽራዪቱ እናት ጀምሮ እስከ ጎረቤቱ ሳቅ ድረስ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ስለ መስኮቱ ሲናገር አቋረጡት።

«መስኮቱን ማን አመነው? እኔ ያመንኩት ግድግዳውን ነው።»

«የቱን ግድግዳ፣ አባባ?»

«የማዶውን። ያንን ክፍል የተከራየሁት እኮ ፊት ለፊቱ ነጭ ስለነበረ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እሱ ላይ ያርፍና ለስላሳ ብርሃን ይልክልኛል። ስንት ክፍል አይቼ ትቻለሁ።»

«አንድ ቀን እንኳ ነግረውኝ አያውቁም።»

«ግድግዳው አብሮን ይኖራል ብዬ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አባትየው ሬዲዮውን በዳበሳ ፈልገው ጨርሰው ዘጉት።

«አንድ ዓይንህን እየጨፈንክ ስትሄድ የበሩን መቃን ስትመታው እሰማ ነበር» አሉ። «ምን ሆነህ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። ሐኪሟ ግፊቱን ለካችው?»

«ለካችው። ደህና ነው።»

«የቀኙም?»

«የቀኙም የግራውም። ዳር ዳሩንም አየችው፤ ምንም የለም። በየዓመቱ እየመጣህ ታይ ነው ያለችኝ።»

አባትየው ራሳቸውን ወደ ወንበሩ መደገፊያ ጣል አድርገው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ክንድ አገኙና ያዙት።

«እስቲ ድገመው» አሉ።

«ደህና ነው፣ አባባ።»

«የግራውም?»

«የግራውም።»